የአባቴ ሰሊጥና የእኔ ቬትናም

ከቬትናም ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ለእናቴ የገዛሁት ሻርፕ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ የያዝሁት ከረሜላና አንድ ወፍራም ማስታወሻ ደብተር ነበር። ከረሜላው በአንድ ቀን አለቀ። ሻርፑን እናቴ እስከ ዛሬ ታስረዋለች። ጉድ የሠራኝ ደብተሩ ነው።

የምሠራው መተማ ቆላ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ በገበያና በሠራተኛ ጉዳይ ላይ ነው። ለሥልጠናው ስመረጥ ከእኔ በላይ የተገረመ ሰው አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ አንድ ድሃ የግብርና አገር ኢኮኖሚውንና አስተዳደሩን እንዴት እንዳሻሻለ ማቀዝቀዣ በተገጠመለት አዳራሽ ተቀምጠን ተማርን። የመተማ ሰው ሆኜ በረደኝ ብዬ ጃኬት ስበደር የአገሬ ሰው ቢያየኝ ዕድሜ ልኩን ሲስቅብኝ ይኖር ነበር።

ያስተማሩን ሽማግሌ በወጣትነታቸው የዋጋ ተመን ሠራተኛ ነበሩ። በአስተርጓሚ እንደነገሩን፣ ድሮ ገበሬው በጋራ ማሳ ላይ በትእዛዝ ይሠራ ነበር፤ የሩዙንም ዋጋ የሚወስነው ሩዝ አብቅሎ የማያውቅ ሰው ነበር። የሩዝ አገር ሆኖ ሕዝቡ ለሩዝ ይሰለፍ ነበር። በኋላ መንግሥት መሬቱን ለየቤተሰቡ ሰጠ፣ ዋጋውንም ለቀቀ። ብዙ ዓመት ሳይቆይ ተሰላፊው ሻጭ ሆነ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ አሉ ሽማግሌው፣ ባለሥልጣኖቹ ጉባኤ ተቀምጠው ተሳስተናል ብለው በጽሑፍ አሰፈሩ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እኔ በደብተሬ ላይ በትልቁ ጽፌ ሁለት ጊዜ ያሰመርሁበት «ዋጋውን ለቀቀ» የሚለውን ነው። ስሕተትን ስለማመን የተባለውን ከሥሩ በደቃቁ ጻፍሁት።

ስመለስ አገሩ ሁሉ ሪፎርም ሪፎርም ይላል። ሬዲዮው የውጭ ምንዛሬውን ገበያው እንዲወስነው መደረጉን ያወራል። የባጃጅ ነጂ ዋጋ ይጨምርና «ምነው?» ሲሉት «ሪፎርም ነዋ!» ብሎ ይስቃል። እኔ ደግሞ በዚህ መካከል ከውጭ የመጣሁ አዋቂ ሆንሁ። የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ «ቬትናሙ» ይለኝ ጀመር። ለፌዝ ብለው ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔን ደስ ይለኝ ነበር።

ያልተደሰቱብኝ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር የምኖርበት ቤት አከራይ ነበሩ። ሐጅ እንላቸዋለን፤ የሱዳን ዕቃ የሚነግዱ አዛውንት ናቸው። ከድንበሩ ማዶ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው፣ ግማሽ ባዶ መደርደሪያ ፊት ተቀምጠው ይውላሉ። ስለ ነፃ ገበያ አንድ ረፋድ ስተነትንላቸው በትዕግሥት አዳመጡኝና፣

«አንተ ልጅ፣ ገበያ ማለት መንገድ ነው» አሉኝ። «እኔ ደንበኛ አጣሁ? አላጣሁም። ዕቃ አጣሁ? እሱም እዚያ ማዶ አለ። መንገዱ ነው ኸላስ፣ ያበቃለት።»

«ይኸ የጦርነት ጉዳይ ነው ሐጅ፣ የፖሊሲ አይደለም» አልኋቸው።

«እሽ» አሉና ዝንብ ወደ ማባረራቸው ተመለሱ። እኔም የድሮ ነጋዴ አስተሳሰብ ነው ብዬ አለፍሁት።

የእኛ ቆላ ሰሊጥ ነው፤ ሰሊጥ ደግሞ የሰው እጅ ነው። ሲደርስ ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው ጎንደር ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ማጭዳቸውን ይዘው በአውቶቡስ ይወርዳሉ። በየዓመቱ አጨዳው ሊጀመር ሲል መሥሪያ ቤታችን ሽማግሌዎችንና ባለሀብቶችን ሰብስቦ የሠራተኛውን ዋጋ ጣሪያ ይወስንና በድምፅ ማጉያ ያስነግር ነበር። ጣሪያውን በትክክል የሚያከብረው ጥቂት ነው። ቢሆንም ትንሹ ገበሬ ከባለብዙ ሄክታሩ ባለሀብት ጋር ተጋፍቶ ሁለት ሦስት ሰው የሚያገኘው በእሱ ምክንያት ነበር። እኔ ጣሪያው ይቅር አልሁ። «ተሞክሮ ቀምሮ ማስፋት» በሚለው የሪፖርት ቋንቋችን አምስት ገጽ ጽፌ አቀረብሁ። አለቃዬ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አይቶ ፈረመ።

ውሳኔውን በአዳራሽ ያነበብሁት እኔው ነኝ። የሠራተኛ ዋጋ ከእንግዲህ በገበያ ይወሰናል ስል የፊት ረድፍ ላይ የነበሩት ባለሀብቶች አጨበጨቡ። ጭብጨባው ከየት እንደመጣ ማየት ነበረብኝ። የኋላው ረድፍ አላጨበጨበም፤ አባቴም እዚያ ነበር።

አባቴ ወደዚህ ቆላ የወረደው በጎልማሳነቱ፣ እሱ ራሱ ሳሉግ ሆኖ ነው። በኋላ መሬት አገኘና ቀረ። ማሳው ከገንዳ ውሃ ወጣ ብሎ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ዋልካ አፈር ነው። ሀብታም አይደለም። ያለው አንድ ነገር ዐይኑ ነው። ሰሊጥ ቶሎ ቢታጨድ ፍሬው ይጨማተራል፤ ቢዘገይ ደግሞ ቅርፊቱ አፉን ይከፍትና ያለውን ሁሉ መሬት ላይ ይዘረግፋል። በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ ጥቂት ቀን ናት። አባቴ ያችን ቀን ያውቃታል። የታችኛውን ቅርፊት በጥፍሩ ይነካና «ነገ ሳይሆን ተነገ ወዲያ» ይላል። አጨዳ በደረሰ ቁጥር ጎረቤቶቹ እየመጡ ይወስዱታል፤ ሽማግሌ ሳይቀር «እስቲ ይዩልኝ» ይሉታል። ይህን ሲሉት አንገቱ ቀና ይላል። ሰሊጡ አንድም ዓመት መሬት ላይ ፈሶበት አያውቅም ነበር።

ከስብሰባው ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ።

«ልጀ፣ ጥሩ ተናገርህ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ዋጋው ሲለቀቅ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«መጀመሪያ ይወጣል አባየ። መውጣቱን የሰማ ሁሉ ተደጋው ይመጣል። ሰው ሲበዛ ይወርዳል።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እንደ ሁኔታው ነው።»

ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ማሳው መንገድ ጀመረ።

በሳምንቱ ከተማችን ወዳለው የሠራተኛ ገበያ አብረን ሄድን። አውቶቡስ ቆሞ በሩ ሳይከፈት የባለሀብቶቹ ሰዎች በመስኮት ዋጋ ይጮኻሉ። ሳሉጎቹ ገና እግራቸው መሬት ሳይነካ ወደ ጭነት መኪና ይዛወራሉ። እንደኔ ትምህርት ከሆነ ይህ ጥሩ ምልክት ነበር። አንድ የጎጃም ሰው፣ የስድስት ሠራተኞች አለቃ፣ ጥላ ሥር ቆሞ ነበር። አባቴ ቀርቦ ሰላምታ ሰጠውና ጠየቀው። የጠራው ዋጋ ካለፈው ዓመት እጥፍ በላይ ነበር።

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስድስቱንም ልውሰዳቸው። ጊደሯን እሸጣታለሁ። ሰሊጡ አምስት ቀን አለው፣ ቢበዛ ስድስት።»

ደነገጥሁ። ጊደሯ የእናቴ ተስፋ ናት። የደነገጥሁት ግን ለጊደሯ ብቻ አልነበረም፤ ሃቁን ልናገር ከተባለ፣ የራሴ አባት በመጀመሪያው ቀን በዚህ ዋጋ ከቀጠረ የጻፍሁት አምስት ገጽ ምን ሊሆን ነው የሚልም ነበረበት።

«ሦስት ቀን ብቻ ይጠብቁ፣ አባየ» አልሁት። «ዛሬ የወጣው ዋጋ ነገ በየደጋው ይሰማል። ቅዳሜ ይኸ ሜዳ ሰው ይሞላል፤ ያኔ በግማሹ ያገኛሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?»

ሠራተኞቹን አየ። እኔን አየ። የጎጃሙ ሰው ማጭዱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውሮ ይጠብቃል።

«እንግዲህ አንተ ተምረሃል» አለና ሰውየውን አመስግኖ ተሰናበተው። ያን ጊዜ ልቤ በደስታ ሞልቶ ነበር። አባቴ በሰሊጥ ጉዳይ የሰው ምክር ሲቀበል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስድስቱ ሰዎች ጥላውን ሳንለቅ አንድ ቀይ አይሱዙ ላይ ወጡ።

በማግስቱ ወደ ደጋው የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። ምክንያቱን አንዱ አንድ ነገር፣ ሌላው ሌላ ነገር ይላል። መንገዳችን ሲዘጋ የመጀመሪያ ጊዜው አልነበረም፤ እንዲያውም የተከፈተበትን ቀን ነው የምንቆጥረው። በቬትናሙ ትምህርት ግን ዋጋ ተሰምቶ ሰው ሊመጣ ሲነሳ መንገድ ቢዘጋ ምን ይሆናል የሚል ምዕራፍ አልነበረም። የእኛን አገር ጠንቅቄ የማውቀው እኔ፣ እዚህ ተወልጄ ያደግሁት እኔ፣ መንገዱን ረስቼው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች አንድ ዓይነት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ከመግባቴ በፊት መናኸሪያ እሄዳለሁ። ቲኬት ቆራጮቹ ካርታ ይጫወታሉ። «ዛሬስ?» እላለሁ። «ነገ ይባላል» ይሉኛል። ቢሮ ገብቼ ወረቀት ፊቴ እዘረጋለሁ፤ አላነበውም። አባቴ ምሳ ሰዓት ላይ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥቶ ይደውላል።

«ምን ይላሉ?»

«ነገ ይከፈታል ይባላል፣ አባየ።»

«እሽ።»

በሦስተኛው ቀን ወደ ሠራተኛው ገበያ ሄድሁ። ሰው ይሞላል ያልሁት ሜዳ ላይ ሁለት ፍየሎች ቆመዋል። አንዲት ሻይ ሻጭ ብቻዋን ማንቆርቆሪያዋን ትወለውላለች። አንድ እንኳ ማጭድ የያዘ ሰው ባገኝ ደመወዜን ሙሉ ልሰጠው አስቤ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የወረዱት ሁሉ በባለሀብቶቹ እርሻ ላይ ናቸው፤ እነሱም እንዳይወሰዱባቸው በር ላይ ዘበኛ አቁመዋል። እንደ ወትሮው ጣሪያው ቢኖር ኖሮ፣ ከእነዚያ መካከል ስድስቱ ወይም አራቱ አባቴ ማሳ ላይ ይሆኑ ነበር። ይህን ያሰብሁት እዚያ ሜዳ ላይ ቆሜ ነው።

በአምስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። አባቴ ሰላምታ አልሰጠኝም።

«አፉን ከፍቷል» አለኝ፤ ዘጋውም።

ያለ ፈቃድ ከቢሮ ወጥቼ ሄድሁ። አባቴ፣ እናቴና እህቴ ማሳው ውስጥ ናቸው፤ እናቴ ያን የቬትናም ሻርፕ ለፀሐዩ ብላ በግንባሯ አስራዋለች። ማጭድ አነሳሁ። የቢሮ እጄ ግማሽ ቀን ሳይሞላው ውሃ ቋጠረ። ሰሊጥ አንዴ አፉን ከከፈተ በቀስታ ነው የሚያዝ፤ ጨቅላ እንደማቀፍ ነው። እያንዳንዱን ነዶ ቀና አድርገን ተሸክመን እናቆመዋለን፤ ዘንበል ካለ ያፈሳል። እኔ ስንቱን እንዳዘነበልሁ እግዜር ያውቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ነበር ለአባቴ። ሰሊጥ ላይ የምታፈሰው የዘገየችው ናት፤ መልቀም ደግሞ የለም፣ ፍሬው በዋልካው ስንጥቅ ገብቶ ይቀራል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ነፋስ ተነሳ። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ካፊያ በደረቅ ቅጠል ላይ ሲወርድ ዓይነት ነው። ከዳር እስከ ዳር ያልታጨደው ማሳ ይንሿሿ ጀመር። እናቴ «ኧረ ያምላክ ያለህ!» ብላ ማጭዷን ጥላ ተቀመጠች። እህቴ ማጨዷን አላቆመችም፤ እያለቀሰች ታጭዳለች። አባቴ ቀና ብሎ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ጎንበስ ብዬ መሬቱን ሳየው ጉንዳኖቹ በረጅም ሰልፍ ፍሬውን ወደ ጉድጓዳቸው ያግዛሉ። በዚያ ሳምንት በመተማ ቆላ ሠራተኛ ያልጠፋባቸው እነሱ ብቻ ነበሩ።

ካራት እጅ አንዱን ብናተርፍ ነው። አባቴ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ፣ ቢረግመኝ፣ ደብተርህን ብላ ቢለኝ እንዴት በቀለለኝ! እሱ ግን ማታ እጄን አይቶ ቅባት እንድትቀባልኝ እናቴን አዘዘ። መንገዱ ከሦስት ቀን በኋላ ተከፈተ። አውቶቡሶቹ ሰው ጭነው ወረዱ፤ የቀን ዋጋውም ልክ እንዳልሁት በግማሽ ወረደ።

የተጎዳው አባቴ ብቻ አልነበረም። ትንንሾቹ ገበሬዎች አቤቱታ ጻፉ፤ ከበላይ ሰዎች መጡና ግምገማ ተጠራ። ገበሬውም ተወክሎ በአዳራሹ ተቀመጠ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እንደ ልማዴ እኔ ነበርሁ። ግምገማ እንዴት እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል፤ ሰው ሁሉ ተራ በተራ ተነስቶ የማይጎዳውን ጥፋት መርጦ በራሱ ላይ ያወራል። አንዱ ሰዓት አለማክበሩን ተናዘዘ። ሌላው ሪፖርት ማዘግየቱን። አለቃዬ ቁጡ መሆኑን አመነ።

እኔ እውነቱን ልናገር ወስኜ ነበር። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ሁሉ ተለማምጄዋለሁ፦ ጣሪያው ይቅር ያልሁት እኔ ነኝ፣ መንገዱን ሳላስብ ነው ያልሁት፣ ጠብቁ ብዬም የራሴን አባት አሳስቻለሁ። ተራዬ ደርሶ ቆምሁ። የቤት ኪራዬ ታወሰኝ፤ ሁለት ልጆቼ ታወሱኝ። ከአፌ የወጣው «የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራው በቂ አልነበረም» የሚል ነው። ተቀመጥሁና የተናገርሁትን በቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍሁት።

ከኋላ አንድ ገበሬ ብድግ አለ። «ምን ግንዛቤ ነው የሚያወራው? ጣሪያውን ያስነሳ እሱ ነው። ሰሊጥ እየደረሰ ጠብቁ ያለም እሱ ነው!»

ከበላይ የመጡት ሰብሳቢ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጠብቁ ያለው ማንን ነው?»

ብዕሬን ይዤ ወረቀቱ ላይ አፍጥጬ ነበር። ከዚያ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል።

«እኔን ነው የሚሉት» አለ። «ልጀ ነው፤ ስለዚህ ነው እሱን የሚጠረጥሩት። ማንም ጠብቅ አላለኝም። ሰሊጡን ያየሁት እኔ ነኝ። ገና ነው ብየ ተሳሳትሁ። ዐይኔ ደክሟል።»

ጎረቤቶቹ ዞረው አዩት። ማሳቸውን ሲያሳዩት የኖሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ «አየ እርጅና» ሲል ሰማሁ፤ አዝኖ ነው ያለው። ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ እኔ ዞሩ። «ይመዝገብ» አሉ። እኔም መዘገብሁት፦ አርሶ አደሩ የሰሊጡን መድረስ በወቅቱ ባለመለየታቸው የደረሰ ጉዳት። በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ አንድም ፊደል ሳልሰርዝ።

ሥራዬ ላይ አለሁ። የዋጋ ጣሪያው ተመልሷል። በዚህ ዓመት አጨዳ ሲቃረብ ግን አባቴን ማሳዬን ይዩልኝ ብሎ የጠራው ሰው የለም። ባለፈው እሑድ አብሬው የማሳችን ድንበር ላይ ቆሜ ሳለሁ ጎረቤታችን ከማዶ ማሳው ውስጥ አንድ ቅርፊት ቆርጦ ሲያገላብጥ አየነው። ወደ እኛ ቀና አለና ሰላምታ ሰጥቶ ምክር ሊጠይቅ ወደ ሌላ ሰው ማሳ ሄደ። አባቴ ከርቀት የጎረቤታችንን ሰሊጥ ትንሽ ተመለከተ።

«ሂድና ነገ ይጨድ በለው» አለኝ። «ከእኔ ነው እንዳትለው።»

ተከትዬ ደርሼበት ነገርሁት። ጎረቤታችን ከላይ እስከ ታች አየኝና ሳቀ። «አንተ ደግሞ ሰሊጥ ምን ታውቃለህ?» አለኝ። የማን ቃል እንደሆነ ልነግረው ነበር፤ አባቴ ከድንበሩ ላይ ቆሞ ስለሚያየኝ ዝም አልሁ።